ደረቴ ላይ የከረመች ልጅ

ጥቅምት 14

ፍሬን ስቀይር ዋልኩ። ሁለት ሚኒባስ፣ አንድ የጭነት መኪና። የጭነቱ ሾፌር አጠገቤ ቆሞ መፍቻ ሲያቀብለኝ ዋለ። ያገዘኝ መስሎት… አዘገየኝ እንጂ።

ከሥራ ስወጣ የቤተ ክርስቲያናችን የወንዶች ኅብረት ጸሐፊ ደወለ። የሚቀጥለው ወር ትምህርት ያንተ ነው አለኝ። ርእሱ "እግዚአብሔር አባታችን"። ማን መረጠኝ አልኩት። ሰብሳቢው። ሰብሳቢው ደግሞ አባቴ ናቸው። ፊት ለፊት አይነግሩኝም፤ በሰው ነው የሚልኩብኝ። ከትንሽነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

ለባለቤቴ ነገርኳት። እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተቀምጣለች። አብጧል። ጫማ እምቢ ካላት ቆየ፤ የኔን ነጠላ ጫማ ነው የምታደርገው። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች።

"ምን ልትላቸው ነው?" አለች።

"ያው… አባት ስለመሆኑ።"

"እግዚአብሔር ወንድ ነው እንዴ?"

ሳቅኩ። "ታዲያ ሴት ሊሆን ነው?"

"እንደዛ አልወጣኝም። ጠየቅኩ እንጂ።" ሆዷን ታሻሻለች። "እዚህ ውስጥ ያለው ሰው አባት የሚባል ነገር ገና አያውቅም። የሚበላው ከኔ፣ የሚሞቀው ከኔ። ለሱ ዓለም ማለት እኔ ነኝ። ፊቴን ግን አይቶት አያውቅም።"

ሻይ አፈላሁላት።

ጥቅምት 17

ትምህርቱን ጀመርኩ። ሦስት ነጥብ ወጣልኝ። አባት ያዛል። አባት ይጠብቃል። አባት ይቀጣል። ማጣቀሻ ጥቅስም አላጣሁም። ሳነበው ግን ልክ አባቴ ራሳቸው ያረቀቁት ይመስላል። ደስ ይላቸዋል። እኔን ደስ ይበለኝ አይበለኝ… አላውቅም።

ጥቅምት 21

ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ነው።

ጠዋት ባለቤቴ ራሴን አመመኝ አለች። ቀጥሎ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል አለች። መኪና ለምኜ ሐኪም ቤት አደረስኳት። ግፊቷ ጣሪያ ነክቷል። አልጋ ላይ ሳትወጣ አንቀጠቀጣት። ዓይኗ ተገለበጠ። እኔን ወደ ውጭ ገፈተሩኝ።

ቀዶ ሕክምና። ሴት ልጅ። ያለ ቀኗ። በሕይወት አለች።

ባለቤቴ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ናት። አልነቃችም።

ሐኪሙ "ሁለቱም እየታገሉ ነው" አለኝ። እኔስ? እኔ ምን ላድርግ? አልጠየቅኩትም።

ጥቅምት 22

አልነቃችም። ልጅቱ ትተነፍሳለች።

ጥቅምት 23

የሕፃናቱ ክፍል ሲስተር ጠራችኝ። አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት። ስትሄድ እንጂ ስትቆም አላየኋትም።

"ሸሚዝህን አውልቅ" አለችኝ።

"ምን?"

"ልጅህን ልታቅፍ ነው። ገላ ለገላ። ማሞቂያ ሳጥኑ የራሱን ይሠራል፤ የሰው ደረት የሚያክል ግን የለም። እናትየው እስክትነሳ አንተ ነህ።"

ክፍሉ ውስጥ እናቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ እያንዳንዳቸው ደረታቸው ላይ አንዳንድ ነገር ታቅፈዋል። ወንድ የለም። ወደ በሩ አየሁ። መቼም ወንድ ልጅ መሸሽ ሲፈልግ የሚያውቀው በር ነው።

እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ። ጥፍሬ ሥር ያለው ግሪስ አልለቅ ስላለ ሲስተሯ ራሷ በብሩሽ ፈተገችኝ። "ሰው ነህ ወይስ ሞተር?" ትላለች።

ከዛ አመጣቻት። በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ ገብቷል። ቆዳዋ ስስ፣ ቀይ፣ የተጨማደደ። እንደ ሽማግሌ። የጭነት መኪና ፒስተን እንኳን ከሷ ይከብዳል። ደረቴ ላይ አስተኛቻትና ሁለታችንንም በጨርቅ ጠፍራ አሰረችን።

"እሜቴ ነው የምንላቸው" አለችኝ። "ከክፍሉ ሁሉ ትንሿ እሳቸው ናቸው፤ ጩኸታቸው ግን የባለርስት ነው። እሜቴ፣ አባትዎ መጥተዋል። ይበርድዎታል ወይ?"

ለአንድ ፍሬ ልጅ አንቱ ስትል ሳቄ መጣ። ደረቴ ሲነቃነቅ ልጅቱ እጇን ዘረጋች። አምስት ጣት። ሁሉም ጥፍር አለው።

ትንሽ ቆይታ አፏን ከፍታ መፈለግ ጀመረች። ጡቴን አገኘችው። እኔ ያለኝ ፀጉር ብቻ። መጥባት ገና አትችልም፤ ከንፈሯን አስደግፋ ዝም አለች።

"የለኝም እናቴ" አልኳት። "ይቅር በይኝ፣ የለኝም።"

ሲስተሯ ሰማችኝ መሰለኝ። ስታልፍ፣ "ሙቀት አለህ" አለችኝ። "አሁን የሚበቃት እሱ ነው።"

ጥቅምት 25

አባቴ መጡ። ባርኔጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። እሜቴ ጨርቅ ውስጥ ናት፤ እኔ ከወገቤ በላይ ራቁቴን ነኝ። ወዴት እንደሚያዩ ጠፋቸው።

"ሴቶች የሉም?" አሉ።

"የባለቤቴ እናት መቆም አይችሉም፣ እርስዎም ያውቃሉ። ሌላ ማን አለን?"

"ለነርሶቹ ደመወዝ ይከፈላቸው የለ?"

ባሉበት ቆመው ጸለዩ። "ኃያል አባት ሆይ" ብለው ጀመሩ። አርባ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ድምፅ ነው፤ ከሞተር በላይ መናገር ለምዷል። ሕፃናቱ አንድ በአንድ ማልቀስ ጀመሩ። ሲስተሯ እየሮጠች መጣች።

"አባባ፣ ቀስ ብለው ይጸልዩ። እግዚአብሔር እዚሁ ነው ያለው፤ ሕፃናቱ ደግሞ ተኝተዋል።"

አባቴን በጸሎት መሀል ያቋረጠ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ።

ጥቅምት 28

ነቃች። ነቃች። ተመስገን።

ድምፅ አልነበራትም። ከንፈሯን አነበብኩት። "ወጣች?"

"ወጣች። ደህና ናት። ቁርጥ አንቺን።" ዋሸሁ፤ ማንንም አትመስልም ገና።

ኩላሊቷ ደክሟል። ከአልጋ መነሳት አትችልም፤ ልጅቱም ወደዚህ መምጣት አትችልም። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሆነው ሁለት አገር። ልትነካኝ እጇን ስትዘረጋ ሸሚዜን ያዘች። ወደ አፍንጫዋ ጎተተችው። ቆየች።

"እሷ ናት?" አለች።

እሜቴን የማቅፍበት ሸሚዝ ነበር፤ ከፊት ክፍቱን አድርጌ ከላይ የምደርበው። አውልቄ ሰጠኋት። ፊቷ ላይ አድርጋው ተኛች። እኔ ያለ ሸሚዝ፣ ጃኬቴን እስከ አገጬ ቆልፌ ወጣሁ። ጥበቃው አየኝና አንገቱን ነቀነቀ።

ከዛሬ ጀምሮ ሸሚዝ አመላላሽ ነኝ።

ኅዳር 1

ጋራዥ ብቅ አልኩ፣ ፈቃድ ላስረዝም። ቀለም ቀቢው ከሩቅ ሲያየኝ፣ "አራሷ መጣች" አለ። "እንዴት አደርሽ? ወገብሽን ተሻለሽ?"

ሁሉም ሳቁ። ደሜ ፈላ። ግን ምን ልበል?

"ደህና ነኝ፤ አንቺስ?" አልኩት። ሳቁ ወደሱ ዞረ።

አለቃችን አልሳቀም። ፈቃዱን ጽፎ ሲሰጠኝ፣ "የኔም የመጀመሪያ ልጅ እንዲህ ነበር የተወለደው" አለ ቀስ ብሎ። "አላቀፍኩትም። የሚያቅፍ ወንድ አላየሁም ነበራ።" ልጁ ምን ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም። ፊቱ ላይ ነበር።

ወደ ሐኪም ቤት ስመለስ እናቴ ትዝ አለችኝ። ነፍሷን ይማር። ደስ ሲላት "አንቺ ልጅ" ትለኝ ነበር። "ነይ እስኪ፣ ራስሽን ልይሽ፣ የት ስትራገጪ ዋልሽ?" ጎረቤት ሲሰማ አፍር ነበር። አሁን ሳስበው ሴት አላደረገችኝም። ወንድነቴ የጠፋትም አልነበረም። ፍቅሩ ሞልቶ ሲፈስ አጥሩን ይዘላል፣ ሌላ ምን ልበለው?

ዛሬ እሜቴን ሳስተኛት ከአፌ የወጣው ምንድነው? "ተኛ አንተ ጉረኛ።"

ኅዳር 4

አንድ እጄ እሜቴ ጀርባ ላይ፣ አንድ እጄ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ። ትምህርቱ ቀኑ እየደረሰ ነው። ሦስቱ ነጥቦች ግን ደረቁብኝ።

አባቴን "እርስዎ" እላለሁ። እናቴን "አንቺ" እል ነበር። እግዚአብሔርን ደግሞ "አንተ"። ዛሬ ነው ያስተዋልኩት። ከአባቴ ይልቅ እግዚአብሔርን እንዴት ደፈርኩ? ሲጨንቀኝ የምጮህበት፣ ስኮርፍ የምጨቀጨቀው፣ የሆዴን የምነግረው… እንደ አባቴ ነው እንዴ የማወራው? እንደ እናቴ ነው። እናቴን አንቺ በምልበት ድምፅ እግዚአብሔርን አንተ እላለሁ። ይሄን ሁሉ ዓመት።

ነቢዩ ላይ እናት ልጇን እንደምታጽናና አጽናናችኋለሁ የሚለውን አነበብኩ። ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ? ጌታም ስለ ከተማይቱ ሲያዝን ራሱን በዶሮ መሰለ፣ ጫጩቶቿን በክንፏ ሥር በምትሰበስብ። መጀመሪያ ሲፈጥርም ወንድም ሴትም አድርጎ በመልኩ ፈጠረ። ሁለቱም መልኩ ከሆኑ እኔ ግማሹን መልክ ብቻ ነው የማውቀው ማለት ነው።

ስህተት ውስጥ እየገባሁ ይሆን? አባቴ ቢሰሙ ምን ይሉኛል? ጌታ አባት በሉ ብሎ ነው ያስተማረን። እሱን የሚነካ ሰው አይደለሁም። ግን…

ይሄን እያሰብኩ ደረቴ ላይ አንድ ነገር ጎደለ። ድምፅ አይደለም። እንቅስቃሴ። ቁልቁል አየኋት። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

ያለ ቀናቸው የተወለዱ አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳሉ ብላኝ ነበር ሲስተሯ። ያስተማረችኝን አደረግኩ። ጀርባዋን አሸሁ፣ የእግሯን መዳፍ ነካ ነካ። "እሜቴ። እሜቴ። ተንፍሺ እናቴ።" እስትንፋሷን የሚቆጥረው ማሽን መጮህ የጀመረው ከዛ በኋላ ነው። ሲስተሯ ሳትደርስ ተነፈሰች። አስነጠሰችና ተመልሳ ተኛች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

እኔ ግን አንጀቴ ተላወሰ። አንጀቴ ስል… ሴት ብሆን ማኅፀኔ እል ነበር። ወንድ ለዚህ ቦታ ስም የለውም።

መተንፈሷን መርሳቷን አታውቅም። እኔ አውቃለሁ። ስለሷ እየተነፈስኩ ነበር የተቀመጥኩት። እኔስ ስንት ጊዜ ረስቻለሁ? ማን ነው ጀርባዬን ያሸኝ?

ኅዳር 7

ትኩሳት። ጉንፋን። አፍንጫዬ ይዘንባል።

ሲስተሯ በሩ ላይ አገደችኝ። "አንድ እርምጃ እንዳትገባ። ያንተ ጉንፋን ለሷ ሞት ነው።"

"ማን ሊያቅፋት ነው?"

"ሳጥን ውስጥ ትቆያለች። ግን ያለ ሰው ውላ ስታድር ኪሎዋ ይወርዳል፣ አይተነዋል። ሰው ፈልግ። ጤነኛ፣ የማያጨስ፣ የሚታገሥ።"

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የማውቀውን ሰው ሁሉ በሐሳቤ አዞርኩ። የባለቤቴ ጓደኛ ታስላለች። ጎረቤታችን ጨቅላ አላት። አንድ ሰው ቀረ።

ደወልኩ። ነገርኳቸው። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "አባባ?" አልኩ።

"እኔ?" አሉ።

"እርስዎ።"

"እኔ እኮ… እንዴት እንደሚያዝ አላውቅም።"

"እኔም አላውቅም ነበር።"

ኅዳር 8

ከመስተዋቱ ውጭ ቆሜ አየሁ። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ።

የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ፣ ከነክራቫቱ። ሲስተሯ አንድ ነገር አለቻቸው። ወደ እናቶቹ አዩ፣ ወደ ጣሪያው አዩ። ከዛ ክራቫቱን ፈቱ። ሸሚዙን አውልቀው በጥንቃቄ አጣጥፈው ወንበር ላይ አስቀመጡ። የአባቴን ደረት አይቼ አላውቅም ነበር። ነጭ ፀጉር። ጎናቸው ላይ የድሮ ጠባሳ አለ። ከየት መጣ? የመኪና አደጋ? አላውቅም። የገዛ አባቴን ጠባሳ አላውቅም።

ሲስተሯ እሜቴን አስቀመጠችላቸውና አሰረቻቸው። እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ቀሩ፣ ልክ እንደተማረከ ሰው። እሷ ሁለቱንም እጅ ይዛ አወረደችና ልጅቱ ጀርባ ላይ አኖረች።

ረዥም ጊዜ አልተነቃነቁም። ኋላ ግን ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። መቼም ይጸልያሉ አልኩ።

ሲስተሯ ስትወጣ ጠየቅኳት። "ምንድነው የሚሏት?"

"መንገድ ነው የሚነግሯት" አለች። "'አሁን ዳገቱን ጨረስን፤ ቀጥሎ ጠመዝማዛው ነው፣ እዛ ጋ ማርሽ ቀንሰን ቀስ እንላለን።' ጭነት ይዘው እየነዱ ነው።" መነጽሯን ጠረገች። "እሜቴም ጸጥ ብለው ተሳፍረዋል።"

ኅዳር 10

አባቴ ሦስተኛ ቀናቸው። ሲወጡ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘኋቸው። ራቅ ብዬ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። ትኩሳቱ ለቆኛል፣ ሳሉ ይቀረዋል።

መጀመሪያ ስለ ባለቤቴ ጠየቁኝ። ዛሬ ቁጭ አለች፣ ሾርባ ጠጣች አልኳቸው። "ተመስገን" አሉ። ከዛ መሬት መሬት እያዩ፣

"ከልጅነቴ ጀምሮ አባት ሆይ እያልኩ ስጸልይ ኖሬአለሁ" አሉኝ። "እንዲህ ስል አንድ ፊት ይመጣብኛል። የራሴ አባት ፊት። አለንጋ የያዘ። ጥሩ ሰው ነበር፣ ግን ፊቱ ያ ነው። ከዛ ፊት ፊት ቆሜ ነው የምጸልየው። ለዛ ነው የምጮኸው። እንዳይመታኝ ቶሎ ቶሎ መናገር።"

እንዲህ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"ትላንትና ልጅቱ ደረቴ ላይ ሆና ጸለይኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ያቺ ነርስ እንዳትቆጣኝ። አባት ሆይ አልኩ።"

"እና… ፊቱ መጣ?"

"አልመጣም። ምንም ፊት አልመጣም። ሙቀት ብቻ።"

አንድ ወፍ አጠገባችን ፍርፋሪ ይለቅም ነበር። እስኪሄድ ጠበቁ፣ ወይም እኔ እንደዛ መሰለኝ። "የኔ ሙቀት ይሁን የሷ፣ ወይ የሌላ… መለየት አቃተኝ" አሉ። "እናትህ ይሄን ታውቅ ኖሯል። አልነገረችኝም።"

"ጠይቀዋት ያውቃሉ?"

"አልጠየቅኳትም።"

ተነሥተው ባርኔጣቸውን አደረጉ። ሊሄዱ ሲሉ ዞሩ። "ያ ትምህርትህ… ይቀጣል የሚል ነጥብ አለው?"

"አለው።"

"እሱን አሳጥረው።"

ኅዳር 14

ባለቤቴ ዛሬ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ሕፃናቱ ክፍል ወረደች። ጸጉሯን አበጠርኩላት፤ ስትሳለቅብኝ ነበር፣ "ፍሬን መስሎህ ነው የምትጎትተው?" እያለች። ሊፍቱ ውስጥ ግን እጄን አልለቀቀችኝም።

እሜቴን ከኔ ደረት ፈትተው ወደሷ አሻገሯት። ልጅቱ አለቀሰች። ጮኸች፣ ቀላች፣ ተወራጨች። ባለቤቴ ደነገጠች።

"አላወቀችኝም" አለች። "እኔን አላወቀችኝም።"

እውነቱን ለዚህ ወረቀት ልናገር። አዘንኩላት፣ ግን ሌላም ነገር ነበር። ደስ አለኝ። ለአንድ አፍታ። የኔ ናት አልኩ በልቤ። ወዲያው ራሴን ታዘብኩት። እናት የምትቀናው እንዲህ ነው ማለት ነው?

በጉልበቴ ተንበርክኬ ጆሮዋ ሥር፣ "ድምፅሽን አሰሚያት" አልኳት። "ውስጥሽ ሆና ስትሰማው የኖረችው እሱን ነው።"

ባለቤቴ ምን እንደምትል ጠፋት። መጨረሻ ላይ እንደ ወትሮዋ ማማረር ጀመረች። የሐኪም ቤቱ ሾርባ ጨው እንደሌለው፣ የአጠገቧ በሽተኛ እንደምታንኮራፋ፣ የእግሯ እብጠት መጉደሉን፣ አሁን ጫማ እንደሚገባላት… እሜቴ በመሀል ልቅሶዋን አቆመች። አዳመጠች። ጆሮዋን እናቷ ልብ ላይ ለጥፋ።

ሲስተሯ ከኋላችን፣ "እሜቴ ስሞታ ይወዳሉ" አለች።

ሲመሽ ክፍሏ መልሼ ሳስተኛት ባለቤቴ እንዲህ አለችኝ፦ "አንተ እናት ሆንክ፣ እኔ ደግሞ በሩቅ የምወድ አባት ሆኜ ከረምኩ። ሳላያት፣ ሳልነካት፣ ስለሷ ብቻ እየለመንኩ። አባትነት ከባድ ነው ለካ።"

ሁለታችንም ሳቅን። ስፌቷን ስላመማት ቶሎ አቆምን።

ኅዳር 25

ትምህርቱ ዛሬ ነበር።

ወረቀት አልያዝኩም። የሆነውን ነገርኳቸው። ስለ ደረቴ፣ ስለ ፀጉሬ፣ ልጅቱ ጡት ስትፈልግ ስለማጣቷ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አቀረቀረ። ከዛ የነቢዩን ቃል፣ ከዛ የዶሮዋን።

ጸሐፊው እጁን አወጣ። መምህር ነው፣ ጥንቁቅ ሰው። "ወንድሜ፣ ልጅህን ጌታ ያሳድግልህ። ግን ወዴት ነው የምትወስደን? እግዚአብሔር ሴት ነው ልትለን ነው?"

"አይደለም" አልኩ። "ሴት ነው አላልኩም። ወንድ ነው ብዬም ግን ከእንግዲህ አላስብም። መንፈስ ነው። ጌታ አባት በሉት ብሎናል፣ አባት እለዋለሁ እስክሞት። የተሳሳትኩት አባት የሚለውን ቃል በማን እንደለካሁት ነው። እኔ በማውቃቸው ወንዶች ለካሁት። ጠበበ። ራሱ ጌታ ዶሮ ሲል፣ አውራ ዶሮ አላለም።"

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ጸሐፊው አልሳቀም። "አደገኛ መንገድ ነው" አለ።

አባቴ ተነሡ። ሁሉም የሚጠብቀው ቁጣ ነው፤ እኔም ጠበቅኩ።

"ከናንተ መሀል" አሉ፣ "ልጁን ገላውን ገልጦ ደረቱ ላይ አስተኝቶ የዋለ ማን ነው? እጅ ያውጣ።"

ማንም። የሦስት የአራት ልጅ አባቶች ናቸው የተቀመጡት። ወለሉን ያያሉ።

የጠየቁት እሳቸው፣ እጃቸውን ቀስ ብለው ያነሡትም እሳቸው። "እኔ ዘንድሮ ነው የጀመርኩት" አሉ። "ከዛ በፊት የጸለይኩት እግዚአብሔር ሰምቶኛል፣ አልጠራጠርም። እኔ ግን አልሰማሁትም።" ተቀመጡ።

ጸሐፊው ሌላ አልጠየቀም። የተስማማም አልመሰለኝም። ሁለት ሰዎች ሲወጡ እጄን ሳይጨብጡኝ አለፉ። ይሁን። አንዱ ወጣት ግን፣ ሚስቱ የደረሰች፣ በሩ ላይ ጠብቆ፣ "ያ ጨርቅ… እንዴት ነው የሚታሰረው?" አለኝ። ጃኬቴን አውልቄ በጃኬቱ አሳየሁት።

ታኅሣሥ 20

ቤት ከገባን ቆየ። እሜቴ ጉንጭ አውጥታለች። ቱቦው ከወጣ ወዲህ ከእናቷ ጡት አትነቀልም፤ ለኔ የቀረኝ ማስገሳትና ማስተኛት ነው። አልከፋኝም። ትንሽ ከፋኝ። ባለቤቴ መድኃኒቷን ትውጣለች፤ ደረጃ ስትወጣ አንዴ ብቻ ነው የምታርፈው።

ጋራዥ ተመልሻለሁ። አራሷ የሚለው ስም አልለቀቀኝም። ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ።

ጸሎቴ ተለወጠ ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ ዛሬ ጠዋት። ቃሉ ያው ነው። አባት ሆይ። ግን ቆሜ አልጸልይም አሁን። ጭንቅላቴን አስደግፌ ነው። አንዳንዴ ምንም አልልም። የሚቆጣኝ ያለ አይመስለኝም።

ከምሳ በኋላ ሲስተሯ ደወለች። ለኔ መስሎኝ ነበር፣ ለአባቴ ነው። አንድ ሕፃን ገብቷል፣ እናቱ ገና አልነቃችም፣ አባቱ ሩቅ አገር ሥራ ላይ ነው፣ ሰው የለም። "አባባ ይመቻቸው እንደሆነ ጠይቅልኝ" አለች። ልጠይቃቸው ስሄድ ልብስ እየተኮሱ አገኘኋቸው። ስልካቸውን ሰጥተዋት ኖሯል፤ እኔን ሳትጠብቅ ለሳቸውም ደውላለች። ክራቫት የለም። ፊት ለፊቱ የሚከፈት ሸሚዝ ብቻ።

ከጋራዥ መኪና ተውሼ ይዣቸው ሄድኩ። መኪናው ውስጥ ሆኜ ጠበቅኳቸው። ሲመለሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ሸሚዛቸው በትክክል አልተቆለፈም፤ አንዱን ቁልፍ ዘለውታል። አልነገርኳቸውም።

"ወንድ ነው ሴት?" አልኩ ሞተር እያስነሳሁ።

"አልጠየቅኩም" አሉ ቀበቶአቸውን እያሰሩ። "ብርዱ ግን ለቋል።"